ያለ አንቲቦዲ የሚታገሉ ሕዋሳት፦ የባሕር ትሎች የበሽታ መከላከያ እና የእኛ ጉዳይ

በሰሜን ባሕር ዳርቻዎች ማዕበሉ ሲሸሽ በሚጋለጠው ጭቃማ አሸዋ ውስጥ አሬኒኮላ ማሪና የተባለ ትል ጉድጓድ ቆፍሮ ይኖራል። ይህ ትል አሸዋውን እየዋጠ በውስጡ ያለውን ምግብ ይወስዳል፤ የቀረውንም በጉድጓዱ አፍ ላይ ይከምረዋል። እንዲህ ባለ ጭቃ በአንድ ግራሙ ብቻ እስከ አንድ ቢሊዮን የሚደርሱ ባክቴሪያዎች ሊገኙ ይችላሉ። ትሉ ዕድሜውን ሙሉ ይህንኑ ይውጣል፤ ለስላሳ ቆዳው ከዚሁ ጋር ይፋተጋል፤ ለመጸዳዳት ወደ ላይ ብቅ ሲል ዓሣ ወይም ወፍ ጅራቱን ከነጨውም ቁስሉን ይዞ ወደዚያው ጭቃ ይመለሳል። ያም ሆኖ አይመረቅዝም። ሰው የሚመካባቸው፣ አንቲቦዲ የተባሉ ጀርምን ለይተው የሚይዙ ፕሮቲኖች የሉትም፤ የመከላከያ ሕዋሳት የሚሰባሰቡበት ሊምፍ ኖድ የለውም፤ የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት የሚሠለጥኑበት ታይመስ የተባለው ዕጢም የለውም። ያለው በሰውነቱ ፈሳሽ ውስጥ የሚንሳፈፉ፣ በዓይን የማይታዩ ሕዋሳት ናቸው።

ባሕር ለሌላት አገር፣ ይልቁንም ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ለተቆረቆረችው ለአዲስ አበባ ይህ ምኗ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። የዚህ ጽሑፍ መልስ እነዚህ ሕዋሳት በዕለት ተዕለት ኑሯችን ውስጥ ካሉ ሁለት ችግሮች ጋር በቀጥታ ይገናኛሉ የሚል ነው። አንደኛው በሆስፒታሎቻችን ውስጥ መድኃኒት የተላመዱ ጀርሞች ናቸው፤ ሁለተኛው በከተማችን ወንዞች ጭቃ ውስጥ የሚጠራቀመው ፕላስቲክና ኬሚካል ነው። ግንኙነቱ ግን ግልጽ የሚሆነው የሕዋሱን አሠራር በቅርብ ያየን እንደሆነ ነው፤ ስለዚህም ከዚያው መጀመር ይሻላል።

የባሕር ትሎች ከሚባሉት ብዙዎቹ፣ እንደ ምድር ትል ሁሉ፣ ሰውነታቸው በቀለበቶች የተከፋፈለ ነው። በውጪው የጡንቻ ግድግዳና በመሐል በሚያልፈው አንጀት መካከል ሴሎም የተባለ፣ በፈሳሽ የተሞላ ክፍተት አለ። ይህ ፈሳሽ ትሉ ጡንቻውን ሲያጠብቅ ሰውነቱን የሚያጸናለት፣ ምግብ የሚያዳርስለት፣ ዕንቁላሎቹና የወንዴ ሕዋሳቱ የሚጎለምሱበት፣ ጀርም ሲገባም ውጊያው የሚካሄድበት ቦታ ነው። በውስጡ የሚንሳፈፉት ሕዋሳት በጥቅሉ ሴሎሞሳይት ይባላሉ። አንድ አካል ይህን ሁሉ ሥራ አጣምሮ በመያዙ ሕዋሳቱም እንደኛ ነጭ የደም ሕዋሳት አንድ ሙያ ብቻ የያዙ አይደሉም፤ ይህ ነጥብ ኋላ ላይ ትልቅ ትርጉም ይኖረዋል።

ከሴሎሙ የተወሰደ አንዲት ጠብታ ስላይድ ላይ አርፋ በተራ የብርሃን ማይክሮስኮፕ ስትታይ ሕዋሳቱ መጀመሪያ ላይ ክብ ሆነው ይታያሉ፤ ስፋታቸውም ባብዛኛው ከ10 እስከ 20 ማይክሮሜትር ነው፤ ይህም ማለት ከሰው ቀይ የደም ሕዋስ ከፍ ያለ ነው። ጥቂት ደቂቃዎች ሲያልፉ ግን መስታወቱን ይይዛሉ፤ ዙሪያቸው ይላላል፤ ከአንዱ ወገን ስስ ሽፋን ሲዘረጋ ከሌላው እንደ ክር የቀጠኑ ጣቶች ይወጣሉ። ባዕድ ነገር መንካታቸውን ያወቁት በዚህ ቅጽበት ነው፤ መስታወቱ ራሱ ለእነርሱ ወራሪ ነው። ጎረቤት ሕዋሳት በክሮቻቸው ሲነካኩ እርስ በርስ ይሳሳባሉ፤ ብዙም ሳይቆይ ጠብታው ውስጥ ክምችቶች ይፈጠራሉ። ትሉ ቢቆስል የቁስሉን አፍ የሚደፍነውም ይኸው መከማቸት ነው። ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖች እንደኛ በብዛት ተሰልፈው ሥራውን ስለማይሠሩለት ሕዋሱ በራሱ አካል ይደፍናል።

ስላይዱ ደርቆ በጊምሳ ሲቀለም ኑክሊየሱ ወደ ሐምራዊ፣ ዙሪያው ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ሮዝ ይዞራል። ጊምሳ በየጤና ጣቢያው ወባ የሚመረመርበት ማቅለሚያ ነው፤ ስለዚህ ይህን ሥራ ለመጀመር የሚያስፈልገው ዕቃ በአዲስ አበባ በየላቦራቶሪው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ከዚህ በታች ያለውን ዓለም ለማየት ግን የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል። ለዚያም ሕዋሱ በግሉታራልዴሃይድ ባለበት እንዲቆም ይደረጋል፤ በኦስሚየም ይጠነክራል፤ በሬዚን ውስጥ ይቀበራል፤ ከዚያም ከ60 እስከ 80 ናኖሜትር ውፍረት ባላቸው ቁራጮች ይሸነሸናል። አንዱ ሕዋስ በዚህ ስሌት ከመቶ በላይ ቁራጭ ይወጣዋል ማለት ነው። በቁራጩ ውስጥ ጥቁር ሆነው የሚታዩት በሽፋን የታጠሩ ጥራጥሬዎች የሕዋሱ የጦር ግምጃ ቤት ናቸው፤ ኢንዛይሞችና ፔፕታይድ የተባሉ ጀርም ገዳይ አጫጭር ፕሮቲኖች ተዘጋጅተው የሚቀመጡት በእነዚህ ውስጥ ነው። ከጎናቸው ላይሶሶም የተባሉት፣ የተዋጠ ነገር የሚፈጭባቸው አሲዳማ ከረጢቶች፣ ፕሮቲን የሚሠራበትና የሚታሸግበት የሽፋን መረብ፣ ኃይል የሚያመነጩት ሚቶኮንድሪያዎች ይገኛሉ። ከሕዋሱ ጠርዝ በታች ደግሞ አክቲን ከተባለ ፕሮቲን የተሠሩ ቀጫጭን ክሮች በጥቅል ይሮጣሉ፤ በብርሃን ማይክሮስኮፕ ያየናቸውን ጣቶች ወደፊት የሚገፉት እነዚህ ናቸው።

ሴሎሞሳይቶችን በዓይነት መከፋፈል ከመቶ ዓመት በላይ ተመራማሪዎችን ሲያከራክር የኖረ ሥራ ነው። በብዙ መጻሕፍት ውስጥ አሚቦሳይት፣ ኤሌኦሳይት እና ኦክስጅን ተሸካሚ ሕዋሳት ተብለው በሦስት ይመደባሉ። አሚቦሳይቶች ዋናዎቹ ተዋጊዎች ናቸው፤ ጥራጥሬ ያላቸው ግራኑሎሳይት ይባላሉ። በወንዝና በባሕር መገናኛ ጭቃ ውስጥ በሚኖረው ሄዲስቴ ዳይቨርሲኮሎር በተባለው ትል ላይ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ባካሄዱት ረጅም ጥናት ግራኑሎሳይቶቹ ራሳቸው ሦስት ዓይነት ሆነው ተገኝተዋል። ኤሌኦሳይቶች ስብና ግላይኮጅን የተባለ የስኳር ክምችት የተሸከሙ ትልልቅ ሕዋሳት ናቸው። ኦክስጅን ተሸካሚዎቹ በሁሉም ትሎች ዘንድ አይገኙም፤ ግላይሴራ በተባለው ትል ውስጥ ሄሞግሎቢን ይዘው ይንሳፈፋሉ፤ ሳይፐንኩለስ በተባለው ደግሞ ሄሜሪትሪን የተባለ፣ ኦክስጅን ሲይዝ ወይን ጠጅ የሚመስል፣ ሲለቅ ቀለም አልባ የሚሆን የብረት ፕሮቲን ይሸከማሉ።

በእኔ አስተያየት ይህ በቅርጽ ላይ የተመሠረተ አከፋፈል ለማስተማር ቢመችም ስለ ሥራቸው ሲነገር ያሳስታል። ለዚህ ኤሌኦሳይትን ማየት ይበቃል። ሄዲስቴ የሚመደብበት የኔሬይድ ትሎች ቤተሰብ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ተራብቶ የሚሞት ነው፤ የመራቢያው ጊዜ ሲደርስም የብዙዎቹ ዝርያዎች ጡንቻ ፈርሶ ለመዋኛ በሚመች መልክ እንደገና ይሠራል። በዚህ ጊዜ የፈራረሰውን የጡንቻ ስብርባሪ የሚለቅሙት፣ ከውስጡም ያገኙትን ንጥረ ነገር ለመራቢያ ሕዋሳቱ የሚያቀብሉት ኤሌኦሳይቶች ናቸው፤ በሴቷ ትል ውስጥ የዕንቁላሉን አስኳል ፕሮቲን የሚሠሩትም እነርሱ ናቸው። አንድ ሕዋስ ባዕድን መዋጥ የሚችልበት ያው ችሎታ የራስን ሥጋ ለልጆች ስንቅ ለማድረግ ይውላል። ስለዚህ መመገብና መከላከል በእነዚህ እንስሳት ዘንድ የተለያዩ ሙያዎች ሆነው አልተለያዩም፤ ትሉ ሲራብ ወይም ሲመረዝ መከላከያውም አብሮ የሚላሽቀው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

ከሁሉም ይልቅ የሚያስደንቀው በሳይፐንኩለስ ፈሳሽ ውስጥ የሚገኘው እንስራ መሰል የሕዋስ ጥምረት ነው። ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ እንደ አረፋ የተነፋ ብርሃን የሚያሳልፍ ከረጢት ሲሆን ሌላው በጥቃቅን ፀጉሮች የተከበበ ሕዋስ ነው። ጥምረቱ ከሴሎሙ ግድግዳ ላይ በቅሎ ይገነጠላል፤ ከዚያ በኋላ ፀጉሮቹን እየመታ በትሉ ሰውነት ውስጥ ራሱን ችሎ ይዋኛል፤ ያየው ሰው ከሕዋስ ይልቅ ሕይወት ያለው ሌላ ፍጡር ነው ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ከኋላው የሚያጣብቅ ንፍጥ ይጎትታል፤ የሞቱ ሕዋሳት፣ ባክቴሪያዎችና ቆሻሻው ሁሉ በዚህ ጅራት ላይ ይለጠፋሉ። ባክቴሪያ ወደ ፈሳሹ ሲገባ ጅራቱ ይረዝማል። ንፍጥ በሰው ሳንባና አንጀት ውስጥ የሚሠራውን ሥራ እዚህ ላይ በአንድ ጥንድ ሕዋስ ደረጃ ማየት ስለሚቻል፣ ፍሬደሪክ ባንግ የተባሉት አሜሪካዊ የሕክምና ተመራማሪ የንፍጥ አመነጫጨትን ለማጥናት እነዚህን ሕዋሳት ተጠቅመውባቸዋል። እኒሁ ሰው ቀደም ሲል በፈረስ ኮቴ ሸርጣን ደም ላይ የሠሩት ጥናት ዛሬ በመርፌ የሚሰጡ መድኃኒቶችና ክትባቶች ከባክቴሪያ መርዝ ነፃ መሆናቸው ለሚረጋገጥበት ምርመራ መነሻ ሆኗል። ከባሕር እንስሳ ሕዋስ የተነሣ ዕውቀት አዲስ አበባ ውስጥ በየጤና ጣቢያው በሚሰጥ መርፌ ውስጥ ይገኛል ማለት ነው።

የመዋጡ ሂደት ራሱ ፋጎሳይቶሲስ ይባላል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የበሽታ መከላከያ ተግባር መሆኑን የተረዱት ኤሊ ሜችኒኮፍ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1882 በሲሲሊ ደሴት በምትገኘው መሲና ከተማ ብርሃን በሚያሳልፍ የኮከብ ዓሣ እጭ ውስጥ የጽጌረዳ እሾህ ወግተው ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት እሾሁን ሲከቡት ተመለከቱ። ኋላም በፓሪሱ የፓስተር ኢንስቲትዩት ሠርተዋል፤ በ1908 ከፖል ኤርሊክ ጋር የኖቤልን ሽልማት ተጋርተዋል። የዚያው የፓስተር ቅርንጫፍ በአዲስ አበባ የክትባትና የምርመራ ሥራ ሲሠራ ቆይቶ ስሙን እስከ ዛሬ ፓስተር ለምንለው ሰፈር ትቶልናል፤ ታክሲ ረዳቱ ሰፈሩን በጠራ ቁጥር የሚጠራው ከዚህ የሳይንስ ታሪክ ጋር የተያያዘ ስም ነው።

በትሉ ውስጥ ሂደቱ እንዲህ ይሄዳል። በሕዋሱ ገጽ ላይ ያሉ ተቀባይ ፕሮቲኖች በባክቴሪያው ግድግዳ ላይ ያለውን፣ በእንስሳ ሰውነት ላይ የማይገኝ የስኳርና የስብ አሠራር ይለያሉ። አንቲቦዲ እያንዳንዱን ጀርም በመልኩ ይለያል፤ እነዚህ ተቀባዮች ግን የጀርሙን ወገን ነው የሚለዩት። ካፒቴላ የተባለው የባሕር ትል የዘር መረጃ ሲመረመር ቶል መሰል ከሚባሉት ተቀባዮች ከመቶ በላይ ተገኝተውበታል፤ ሰው ያለው 10 ብቻ ነው። ትሉ አዳዲስ አንቲቦዲ መፈልሰፍ ባይችልም የሚለይባቸው በሮች ብዙ መሆናቸውን ይህ ያመለክታል። ከተለየ በኋላ ሕዋሱ ሽፋኑን ዘርግቶ ባክቴሪያውን ያቅፋል፤ የታቀፈው በከረጢት ሆኖ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከላይሶሶም ጋር ይዋሐዳል፤ አሲዱ፣ ኢንዛይሙና ኦክስጅን ወለድ መርዞች ይፈጩታል።

ወራሪው ከሕዋሱ የሚበልጥ ሲሆን መዋጥ አይቻልም። በሄዲስቴ ውስጥ ኮክሲዲያ የተባሉ ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ተሕዋስያንን ወይም የሌላ ትል እጭን ለመያዝ ግራኑሎሳይቶች በላዩ ላይ ይረባረባሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ይለጠጣሉ፤ ሌሎቹ በእነርሱ ላይ ይደረባሉ፤ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ ድርቦቹ እርስ በርስ በመያዣዎች የተጣበቁ ሆነው ይገኛሉ። በስተመጨረሻ የጠቆረ ጓል ይሆንና በሴሎሙ ውስጥ ይቀራል፤ የእኛው የምድር ትል ሲከፈትም በጅራቱ በኩል እንዲህ ያሉ ቡናማ ጓሎች ተጠራቅመው ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በምድር ትሎች ላይ የተካሄዱ የቆዳ ንቅለ ተከላ ሙከራዎች ደግሞ ትሉ የራሱን ቆዳ ተቀብሎ የሌላውን ዝርያ እንደሚጥል አሳይተዋል። ዛሬ ኩላሊት የተተከለለት ሰው ዕድሜ ልኩን መድኃኒት የሚወስድበት የባዕድ አካል ጥላቻ፣ ሥሩ እስከዚህ ድረስ ይወርዳል።

መዋጥና መክበብ የዚህ መከላከያ አንዱ ክንድ ሲሆን ሌላው ክንድ በጥራጥሬዎቹ ውስጥ የታሸጉት ጀርም ገዳይ ፔፕታይዶች ናቸው፤ ወደ ሆስፒታሎቻችን የሚያመጣን መንገድም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የሩሲያ ተመራማሪዎች ከአሬኒኮላ ማሪና ሴሎሞሳይቶች ውስጥ አሬኒሲን የተባሉ ፔፕታይዶችን ለይተው አወጡ። አሬኒሲን ከ21 አሚኖ አሲዶች ብቻ የተሠራ ነው፤ ለሁለት ታጥፎ በአንድ የድኝ ድልድይ የታሰረ በመሆኑ ቅርጹን አጽንቶ ይይዛል። አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ስላለው አሉታዊ ሙል ወዳለው የባክቴሪያ ሽፋን ይሳባል፤ እዚያም ሽፋኑን ያናጋል። ከሄዲስቴ የተገኘው ሄዲስቲን ደግሞ ከባሕር ውኃ የሚገኘው ብሮሚን የተጨመረበት አሚኖ አሲድ ይዟል፤ በምድር እንስሳት ዘንድ እንዲህ ያለውን ማግኘት እንግዳ ነገር ነው።

ለምን ይጠቅማል ለሚለው፣ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ ሰፊ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ሰዎች በቀጥታ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት እንደሞቱ ገምቷል፤ ከፍተኛው የሞት መጠን የተመዘገበውም ከሰሐራ በታች ባለው የአፍሪካ ክፍል ነው። በጥቁር አንበሳም ሆነ በሌሎቹ የከተማችን ሆስፒታሎች በአራስ ሕፃናት ክፍልና በጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚሠራ ሐኪም የካልቸር፣ ማለትም ጀርሙን በላቦራቶሪ አሳድጎ የመመርመር፣ ውጤቱ ሲመጣለት ከተዘረዘሩት መድኃኒቶች አብዛኞቹ እንደማይሠሩ ማንበብ አዲስ አይሆንበትም። አሞክሳሲሊን ያለ ሐኪም ማዘዣ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ ሁለት ቀን ውጦ ማቆም ለችግሩ ምን ያህል እንዳገዘም ሁላችን እናውቃለን። ባክቴሪያ አንድ ኢንዛይም ላይ የሚያነጣጥርን መድኃኒት በቀላል የዘር ለውጥ ሊያመልጥ ይችላል፤ ሽፋኑን ራሱን የሚያናጋን ፔፕታይድ ለማምለጥ ግን የሽፋኑን አሠራር መለወጥ አለበት፤ ይህም ይቻላል፣ ነገር ግን ከባድ ነው።

እዚህ ላይ ግን ተስፋውን ማጋነን አይገባም። የተፈጥሮው አሬኒሲን የሰውን ቀይ የደም ሕዋስም ያፈነዳል፤ ስለዚህ እንዳለ ለሕክምና አይውልም። ከሦስተኛው የአሬኒሲን ዓይነት ተነሥቶ መርዛማነቱ እንዲቀንስ ተደርጎ የተሠራ ፔፕታይድ መድኃኒት በተላመዱ፣ ግራም ኔጌቲቭ በተባሉት ድርብ ሽፋን ያላቸው ባክቴሪያዎች ላይ እንደሚሠራ በአይጦች ላይ የተደረገ ምርመራ እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሟል፤ ሆኖም በፋርማሲ የሚሸጥ መድኃኒት አልሆነም። በትሉ ውስጥ ፔፕታይዱ በጥራጥሬ ታሽጎ፣ በሚያስፈልግበት ቦታና ጊዜ ብቻ በጥቂቱ ይለቀቃል፤ በሰው ደም ውስጥ በመርፌ ሲሰጥ ግን መላ ሰውነትን ይነካል። የሕዋሱን ማይክሮስኮፓዊ አሠራር ማወቅ ለመድኃኒት ሠሪውም የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ትሉ ራሱን ሳይመርዝ መርዙን እንዴት እንደሚይዝ የሚያሳየው አሠራሩ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ብክለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ከረንት ባዮሎጂ በተባለው መጽሔት የታተመ ሙከራ አሬኒኮላ ማሪና አምስት በመቶው ፒቪሲ የተባለው የፕላስቲክ ዓይነት ብናኝ በሆነ አሸዋ ውስጥ እንዲኖር አደረገ። በብናኙ ላይ በተለያዩ ምድቦች የተለመዱ ብክለቶች እንዲጣበቁ ተደርጎ ነበር፤ ከእነዚህም ኖኒልፌኖል ከሳሙናና ከጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካዎች የሚወጣው ነው፤ ትራይክሎሳን ደግሞ በጀርም ገዳይ ሳሙናዎች ውስጥ ሲጨመር የቆየው ነው። ኖኒልፌኖል ወደ ሰውነታቸው የገባባቸው ትሎች ሴሎሞሳይቶች በሽታ አምጪ ባክቴሪያን የማስወገድ ችሎታቸው ከ60 በመቶ በላይ ወደቀ። ትራይክሎሳን በፕላስቲኩ ላይ ሆኖ ሲገባ ከ55 በመቶ በላይ የሆኑትን ገደለ። ኬሚካል ያልተጨመረበት ፒቪሲ እንኳ ትሎቹን ኦክስጅን ወለድ መርዞች ለሚያደርሱት ጉዳት ከ30 በመቶ በላይ ይበልጥ የተጋለጡ አደረጋቸው። ተመራማሪዎቹ አንድ ነገር አልሸሸጉም፤ ኖኒልፌኖሉ በአሸዋው ላይ ተጣብቆ ሲገባም ጉዳቱ ያው ነበር። ስለዚህ ፕላስቲኩን ብቻ ጥፋተኛ አድርጎ ኬሚካሉን መርሳት ትክክል አይሆንም።

ትሉ በሕይወት እያለ፣ እየበላና እየተንቀሳቀሰ፣ የመከላከል ችሎታው ከግማሽ በላይ ማጣቱ የዚህ ጉዳይ ክብደት ነው። ወንዝ ዳር ቆሞ የሚያይ ሰው ሕይወት አለ ይላል፤ ውኃውን በኬሚስትሪ የሚለካም የኬሚካሎቹን መጠን ለየብቻ ያገኛል፤ ድምሩ በሕያው ነገር ላይ ያደረሰውን የሚናገረው ግን ሕዋሱ ነው።

ከቀበናና ከግንፍሌ፣ ከባንተይቀጡና ከቀጨኔ ወንዞች የሚወርደው ውኃ በአቃቂ በኩል ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር ባለው በአቤ ሐይቅ ይቀራል። በአራት ኪሎና በፒያሳ የተጣለ ፌስታል ወይም የወረደ የልብስ ማጠቢያ ውኃ የሰሜን ባሕርን ትል አይነካም፤ የሚቀረው እዚሁ፣ በእኛው ጭቃ፣ ከዚያም በአቃቂ ውኃ ጎመንና ሰላጣ በሚያለሙት አርሶ አደሮች ማሳ ላይ ነው። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዋጅ ፌስታልን መከልከሉ፣ በወንዝ ዳርቻዎቹም ሰፊ የልማት ሥራ መሠራቱ የሚበረታታ ነው። ነገር ግን የዳርቻው መዋብ የጭቃውን ጤንነት አያረጋግጥም፤ ቀድሞ የገባው ፕላስቲክና ከባድ ብረትም አዋጅ ስለወጣ አይጠፋም። ይህን የሚለካ ሕያው መሣሪያ ያስፈልገናል፤ ለዚያም የባሕር ትል ማስመጣት አያስፈልግም፤ ዘመዶቹ እዚሁ አሉ።

በኦክስጅን እጥረት ውስጥ መኖር የሚችሉት፣ በሄሞግሎቢን ቀልተው የሚታዩት የቱቢፌክስ ትሎች በተበከለ የወንዝ ጭቃ ውስጥ በዓለም ዙሪያ የታወቁ ናቸው። ለሙከራ ይበልጥ የሚመቸው ግን በቬርሚኮምፖስት፣ ማለትም በትል ማዳበሪያ የማዘጋጀት፣ ሥራ በአገራችንም እየተስፋፋ ያለው አይዜኒያ ፌቲዳ የተባለው ቀይ ትል ነው። ይህ ትል በዝቅተኛ የባትሪ ኃይል ለቅጽበት ሲነካ በጀርባው ቀዳዳዎች የሴሎም ፈሳሹን ይረጫል፤ ትሉም አይሞትም፤ ስለዚህ አንዱን ትል ደጋግሞ መመርመር ይቻላል። ፈሳሹ ላይ ኒውትራል ሬድ የተባለው ቀይ ማቅለሚያ ይጨመራል። ማቅለሚያው ወደ ሕዋሱ ገብቶ በአሲዳማዎቹ ላይሶሶሞች ውስጥ ይጠመዳል፤ በ400 እጥፍ ማጉያ ሲታይም በጤነኛ ሕዋስ ውስጥ ጥርት ያሉ ቀያይ ነጥቦች ይሆናል። የተጎዳ ሕዋስ ላይሶሶም ግን ሽፋኑ ስለሚዳከም ቀለሙን ያፈስሳል፤ ነጥቦቹ ይደበዝዙና መላው ሕዋስ ሮዝ ይሆናል። ከሚታዩት ሕዋሳት ግማሾቹ እስኪያፈስሱ ድረስ የወሰደው ደቂቃ የጉዳቱ መለኪያ ነው። ደቂቃው ባጠረ ቁጥር ብክለቱ ከፍ ያለ ነው። የሚያስፈልገው ማይክሮስኮፕ፣ የሰዓት መቁጠሪያና ትዕግሥት ነው።

እንዲህ ያለ ሥራ በእኛ ዘንድ መሠረት የሌለው አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው ቢልሃርዚያን የሚከላከል ርካሽ መንገድ አስገኝቷል፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት በስማቸው ይጠራል። የቢልሃርዚያ ትል ራሱ በቀንድ አውጣው ውስጥ የሚኖረው ወይም የሚሞተው ከሴሎሞሳይት ጋር በሚመሳሰሉ የቀንድ አውጣው ሕዋሳት ፍርድ ነው። በሚቋቋመው ቀንድ አውጣ ውስጥ ሕዋሳቱ እጩን ከበው ይገድሉታል፤ በማይቋቋመው ውስጥ ግን እጩ ይራባል፤ ወደ ሕፃናት ቆዳ የሚገቡ በሺዎች የሚቆጠሩ እጮችም ወደ ውኃው ይለቀቃሉ። ስለዚህ የአከርካሪ አልባ እንስሳት መከላከያ ጥናት ለኢትዮጵያ የቅንጦት ትምህርት ሆኖ አያውቅም።

የጎደለው ሕዋሳቱን ከሕክምናውና ከአካባቢ ጥበቃው ጋር አንድ ላይ የሚያይ ፕሮግራም ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2025 ላለው ጊዜ ባወጣችው የመድኃኒት መላመድ መከላከያ ስትራቴጂ የሰውን፣ የእንስሳትንና የአካባቢን ጤና አንድ አድርጎ የሚያየውን የአንድ ጤና መርሕ ተቀብላለች፤ ከሦስቱ ግን ሁልጊዜ ወደ ኋላ የሚቀረው አካባቢ ነው። በአራት ኪሎ የሥነ ሕይወት ተማሪዎች የሰውን ደም ስሚር በየዓመቱ ይቀልማሉ፤ የትሉን ጨምረው ቢቀልሙ የሚጠይቀው ተጨማሪ ወጪ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ሥራው ሲጀመር ጥንቃቄ የሚሻ አንድ ነገር አለ። የኒውትራል ሬድ ደቂቃ በሙቀት፣ በትሉ ዕድሜና በምግቡ ይለዋወጣል፤ በአውሮፓ አፈር ላይ የተገኘን ቁጥር ለአዲስ አበባ መስፈርት አድርጎ መውሰድ ያሳስታል። ስለዚህ የመጀመሪያው ተግባር ከከተማው ብክለት በላይ ካለው ከእንጦጦ ተዳፋት ከተወሰደ አፈር ጋር አንድ ዓይነት ትሎችን ማኖር፣ በክረምትና በበጋ የሚያሳዩትን ደቂቃ መመዝገብ፣ ከዚያም ያንኑ በቀበና ድልድይ ሥርና በአቃቂ ከተወሰደ ጭቃ ጋር ማነጻጸር ይሆናል፤ ባክቴሪያን የመዋጥ ችሎታቸውም በዚያው ናሙና ላይ ጎን ለጎን ቢለካ ላይሶሶሙ የሚናገረውና ሕዋሱ በተግባር የሚሠራው ይስማሙ እንደሆነ ይታወቃል።